«ኦርጅናል ነው» ብሎ የሸጠልኝ ስልክ ፎርጅድ ሆነ፤ ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦

«ኮምቦልቻ የምኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። ቴሌግራም ላይ ስልክ ከሚሸጥ ቻናል ‹ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ54፣ ኦርጅናል፣ ፓክድ› የሚል ማስታወቂያ አይቼ 19 ሺህ ብር በባንክ ላክሁ። ስልኩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተላከልኝ። ሣጥኑ ውስጥ ቻርጀርና የጆሮ ማዳመጫም ነበረው። ከጥቂት ቀን በኋላ እየጋለና እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረኝ ደሴ ወስጄ አሳየሁት። ጠጋኙ ‹ይሄ ፎርጅድ ነው› አለኝ። ሻጩን በጽሑፍ ስጠይቀው ‹ከተከፈተ አይመለስም› ብሎ መለሰልኝ። ደረሰኝ አልሰጠኝም። ገንዘቡን ከላክሁ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኔ ነው። ጓደኞቼ ለሌላ ሰው ሸጠሽ ተገላገይ ይሉኛል። ምን ላድርግ?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አብሽሪ። ጉዳይሽ ያለቀለት አይደለም። እኔ ደሴ ውስጥ በጥብቅና የምሠራ ሰው ነኝ። በኢንተርኔት በገዙት ዕቃ ተጎድተው ወደ እኔ የሚመጡ ሰዎች አብዛኞቹ ዘግይተው ነው የሚመጡት። ወር አልፎ፣ ቻቱ ጠፍቶ፣ ዕቃው ለሌላ ሰው ተላልፎ ይመጣሉ። ያኔ ሕጉ ቢኖርም የሚጨበጥ ነገር አይኖርም። አንቺ ግን ገና ዘጠነኛ ቀንሽ ነው። ስልኩ እጅሽ ላይ ነው። የተጻጻፋችሁትም አለ። የእንዲህ ያለ ጉዳይ ውጤት የሚወሰነው በእነዚህ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ስለዚህ ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት ዛሬ ማታ ሳትተኚ የምትሠሪውን ልንገርሽ።

መጀመሪያ ቻቱን አድኚው። ቴሌግራም ላይ ሁለት ሰዎች በግል ሲጻጻፉ አንደኛው ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ላይ መሰረዝ ይችላል። ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዲህ ነው፤ የጊዜ ገደብም የለውም። ሻጩ ነገሩ እንደከረረ ከገባው «ኦርጅናል ነው» ያለበትን መልእክት ካንቺ ስልክ ላይም ጭምር ሊያጠፋው ይችላል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። «ቻቱ ስልኬ ላይ አለ» ብሎ ተዝናንቶ ይተኛል፤ ጠዋት ሲከፍተው ባዶ ነው።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ሰላምታ እስከ መጨረሻው መልስ ድረስ ያለውን ሁሉ ስክሪንሾት አንሺ። ቀኑና ሰዓቱ ይታይ። የሻጩን ፕሮፋይል ገጽ፣ የተጠቃሚ ስሙን፣ የሚታይ ከሆነ ስልክ ቁጥሩንም አንሺ። ቻናሉ ላይ የወጣውን ማስታወቂያ ከነሊንኩ ያዢ። ከዚያ መልእክቶቹን «ሴቭድ ሜሴጅስ» ወደሚባለው የራስሽ ማስቀመጫ ፎርዋርድ አድርጊ። ዋናው ቢሰረዝም ፎርዋርድ የተደረገው ይቀራል። ፎርዋርድ ማድረግ ወይም ስክሪንሾት ማንሳት ከከለከለሽ በሌላ ስልክ ፎቶ አንሺው፤ ቻቱን ከላይ እስከ ታች እያንሸራተትሽ ቪዲዮ ብትቀርጪው ደግሞ የተሻለ ነው። ሁሉንም ለምታምኚው ሰው ላኪና እዚያም ይቀመጥ።

ቀጥሎ የባንኩን ማስረጃ አዘጋጂ። የግብይት ቁጥሩና የተቀባዩ ሙሉ ስም ያለበትን ማለቴ ነው። በንግድ ባንክ ከላክሽ ቁጥሩ «ኤፍ ቲ» ብሎ ይጀምራል። ቅርንጫፍ ሄደሽ ማኅተም ያረፈበት ስቴትመንት ብታወጪ ይመረጣል። በእኔ አስተያየት ከያዝሻቸው ማስረጃዎች ሁሉ የሚበልጠው የተቀባዩ ስም ነው። የቻናል ስም በደቂቃ ይቀየራል። የቴሌግራም አካውንት ይዘጋል። የባንክ ሂሳብ ግን መታወቂያ ቀርቦ የተከፈተ ነው፤ ፖሊስ ወይም ፍርድ ቤት ሲጠይቅ ባንኩ ባለቤቱን ያውቀዋል።

የአውቶቡሱን የዕቃ መላኪያ ወረቀትም አትጣዪው። ሣጥኑ፣ ሣጥኑ ላይ የተለጠፈው ስቲከር፣ ፕላስቲኩ ሳይቀር ይቀመጥ።

አሁን ስለ ስልኩ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፤ ከ19 ሺህ ብሩ ሊብስ የሚችለው ይህ ነው። በዚያ ስልክ ቴሌብር ወይም የባንክ መተግበሪያ ከፍተሽ ከሆነ ዛሬውኑ አቁሚ። ካስፐርስኪ የሚባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ በ2025 እ.ኤ.አ. ባወጣው መግለጫ «ትሪያዳ» የሚባል አደገኛ ፕሮግራም በሐሰተኛ የአንድሮይድ ስልኮች ውስጥ ገና ሳይሸጡ ተጭኖ እንዳገኘ ተናግሯል። ከ2,600 በላይ ተጠቃሚዎች ተጠቅተው ነበር፤ አብዛኞቹ ሩሲያ ውስጥ ናቸው። ይህ ፕሮግራም የቴሌግራምና የሌሎች መገናኛዎችን አካውንት ይሰርቃል፤ የሚገቡ አጭር የጽሑፍ መልእክቶችንም ይጠልፋል። ባንክሽ የሚልክልሽ የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣው በዚያው መልእክት እንደሆነ አስቢ። ፕሮግራሙ ከስልኩ ዋና ሶፍትዌር ጋር የተሰፋ ስለሆነ ስልኩን ሪሴት በማድረግ ብቻ አይጠፋም።

አንቺ የገዛሽው ስልክ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አለ ማለቴ አይደለም። ግን ፋብሪካው የማይታወቅ ስልክ ላይ ደመወዝሽን ማስቀመጥ አይገባም። ሲምሽን አውጪና ወደ አሮጌው ስልክሽ መልሺ። የሌለሽ ከሆነ ከቤተሰብ ተዋሽ። የባንክና የቴሌብር ምስጢር ቁጥርሽን፣ የጉግል አካውንት ይለፍ ቃልሽን ከሌላው ስልክ ላይ ሆነሽ ቀይሪ። ጉግል አካውንትሽ ውስጥ ገብተሽ ያን ስልክ ከመሣሪያዎች ዝርዝር አውጪው። ቴሌግራምም ላይ «ዲቫይስስ» በሚለው ገብተሽ አስወጪው። ይህን ስታደርጊ ቻቱን አስቀድመሽ ማዳንሽን አረጋግጪ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ስልኩ በእርግጥ ፎርጅድ ነው ወይ? ይህን የምጠይቀው ጠጋኙን ተጠራጥሬ አይደለም። ገበያ ላይ «ፎርጅድ» የሚባለው ነገር ብዙ ዓይነት ስለሆነ ነው። አንዱ ሌላ ቦታ ተሠርቶ የሳምሰንግ ስም የተለጠፈበት ነው። ሁለተኛው ራሱ ሳምሰንግ የሠራው ሆኖ ስክሪኑ ወይም ባትሪው ተቀይሮ፣ በአዲስ ሣጥን ታሽጎ «ፓክድ» ተብሎ የሚሸጥ ያገለገለ ስልክ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ትክክለኛ ስልክ ሆኖ በኮንትሮባንድ የገባ ነው። እኛ የመተላለፊያ መንገድ ላይ ስለምንኖር ይህን ሦስተኛውን በደንብ እናውቀዋለን። ክርክሩ እንደየዓይነቱ ይለያያል። የመጀመሪያው የንግድ ምልክት ወንጀልንም ይነካል። ሁለተኛው አሮጌን አዲስ ብሎ መሸጥ ነው። ሦስተኛው ላይ ዕቃው ራሱ ስላልዋሸ ያንቺ ቅሬታ ደካማ ነው።

አንቺ ከጻፍሽው ተነስቼ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ። ምክንያቴ ማዳመጫው ነው። ጋላክሲ ኤ54 ክቡ የማዳመጫ ቀዳዳ የለውም። ስልክሽ ላይ ያ ቀዳዳ ካለ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ። ሳምሰንግ ይህን ስልክ በአብዛኞቹ አገሮች የሸጠው ያለ ቻርጀር ነው፤ ሣጥኑ ውስጥ ስልኩ፣ ገመዱና የሲም ማውጫዋ ብቻ ናቸው። አስመስለው የሚሠሩት ሰዎች ገዢን ለማስደሰት ሣጥኑን ይሞሉታል። ቻርጀር፣ ማዳመጫ፣ ከቨር፣ አንዳንዴ መስታወት ሳይቀር ይጨምራሉ። «ሁሉም ነገር አለው» ሲባል ደስ ይላል፤ መጠርጠር ያለብን ግን ያኔ ነው።

ቤትሽ ሆነሽ የምታያቸው ሌሎችም አሉ። መብራት አጥፊና ሙሉ ጥቁር የሆነ ፎቶ በስክሪኑ ሙሉ ክፈቺ። የኤ54 ስክሪን አሞሌድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ጥቁሩ ክፍል ብርሃን ስለማይሰጥ በጨለማ ውስጥ ስልኩ የጠፋ ይመስላል። ግራጫማ ብርሃን ካየሽ ስክሪኑ ሌላ ነው። የጣት አሻራው የሚነካው ከስክሪኑ ሥር ነው፤ ከኋላ ወይም ከጎን ከሆነ ስልኩ ኤ54 አይደለም። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ስትደውዪ 15 አኃዝ ያለው፣ አይኤምኢአይ የሚባለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል። ሣጥኑ ላይ ካለውና ሴቲንግ ውስጥ ካለው ጋር አመሳስዪው። ካልተመሳሰለ ጠንካራ ማስረጃ ነው። ቢመሳሰል ግን «ኦርጅናል ነው» ማለት አይደለም፤ የእውነተኛ ስልክ ቁጥር ገልብጠው የሚያስገቡ አሉ። ሜሞሪውንም ፈትኚው። ሴቲንግ ላይ 256 ጊጋ ብሎ ትልልቅ ቪዲዮ ሲጫንበት ቶሎ የሚሞላ ወይም ፋይል የሚያበላሽ ከሆነ ቁጥሩ የተቀባ ነው። ከማዳመጫ ቀዳዳውና ከጣት አሻራው በቀር ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዘሽ አትደምድሚ፤ ሦስት አራቱ አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን ጥርጣሬ አይቀርም።

ከዚያ ወደዚያው ጠጋኝ ተመለሺ። በቃል ያለሽን በወረቀት ይጻፍልሽ። ቀኑ፣ የስልኩ አይኤምኢአይ፣ ያያቸው ምልክቶች፣ ስሙና ፊርማው ይኑርበት። ማኅተም ካለው ይምታበት። ደሴ ፒያሳና ሸዋ በር አካባቢ እጃቸው የተመሰከረላቸው፣ ዓይተው የሚለዩ ልጆች አሉ፤ የሁለተኛ ሰው አስተያየት ብትጨምሪ ደግሞ የበለጠ ይጠነክራል። ግን በምንም ምክንያት ስልኩ እንዲፈታ አትፍቀጂ። አንዴ ከተፈታ ሻጩ «ውስጡን የቀየራችሁት እናንተ ናችሁ» ይላል፤ ያንን ማስተባበል ከባድ ነው። የግድ መፈታት ካለበት ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳይቋረጥ በቪዲዮ ይቀረጽ።

ሕጉን አሁን እንየው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 የገዛው ዕቃ ጉድለት ያለበት ሆኖ ያገኘው ሸማች ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት ሻጩን መጠየቅ እንደሚችል ይደነግጋል። የሚቆጠረው ከተገዛበት ቀን ነው። ስልኩ መንገድ ላይ የቆየበት ጊዜም ከ15ቱ ላይ ይቀነሳል ብለሽ አስቢ፤ እንዲህ ማሰቡ ይጠቅምሻል እንጂ አይጎዳሽም። እና ስድስት ቀን ቀርቶሻል። እስካሁን ሻጩን ጠይቀሽዋል፤ ግን «ለምን እንዲህ ሆነ» ብለሽ ብቻ ከሆነ አይበቃም። በግልጽ «ገንዘቤ ይመለስልኝ» የሚል ጽሑፍ ይድረሰው።

እንዲህ ብለሽ ልትጽፊለት ትችያለሽ። «በዚህ ቀን፣ ኦርጅናል አዲስ ሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ54 ብለህ በሸጥክልኝ ስልክ ምክንያት 19 ሺህ ብር በዚህ ስም ወደተከፈተ ሂሳብ ልኬያለሁ። የግብይት ቁጥሩ ይህ ነው። የደረሰኝ ስልክ ኦርጅናል አይደለም። የማዳመጫ ቀዳዳው፣ ስክሪኑና አይኤምኢአይው ይህን ያሳያሉ፤ የባለሙያ ጽሑፍም አለኝ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ገንዘቤ እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ። ስልኩን ከነሣጥኑ ለመመለስ ዝግጁ ነኝ። እስከዚህ ቀን ድረስ ካልተመለሰ ጉዳዩን ለንግድ ቢሮና ለፖሊስ አቀርባለሁ።» ቀኑን ከሦስት ቀን አታርዝሚው። ስድብ አታስገቢበት። እርግማንም አይኑርበት። ነገ ዳኛ ፊት ሲነበብ አንቺን የሚያስከብር ጽሑፍ ይሁን። በቴሌግራም ላኪው፤ ስልክ ቁጥሩ ካለሽ በአጭር የጽሑፍ መልእክትም ድገሚው። መላክሽንና መነበቡን ስክሪንሾት ያዢ።

«ከተከፈተ አይመለስም» ያለው ነገር አያስጨንቅሽ። ሣጥኑ ሳይከፈት ስልኩ ሐሰተኛ መሆኑ እንዴት ይታወቃል? ሐሳብሽን ቀይረሽ «ቀለሙ አልወደድኩትም» ብትዪ ኖሮ ያ ቃል ሊሠራ ይችል ነበር። የተባለውን ያልሆነ ዕቃ ለላከ ሰው ግን መሸሸጊያ አይሆንም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችንም ጉድለቱን እያወቀ የደበቀ ሻጭ «ኃላፊ አይደለሁም» በሚል ቃል እንዲያመልጥ አይፈቅድም። ያው ሕግ ገዢውንም ያዘዋል፤ ዕቃው እንደደረሰው መርምሮ ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። ቶሎ ጻፊ እያልኩ የምወተውትሽ ለዚህም ነው።

ደረሰኝ የለኝም ብለሽ አትፍሪ። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ አለመስጠቱ የእሱ ጥፋት እንጂ ያንቺ ማነስ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ አንድ መልእክት ወይም ውል በኤሌክትሮኒክ መንገድ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ ያደርጋል። ማስታወቂያው፣ «ኦርጅናል ነው?» ብለሽ የጠየቅሽው፣ «አዎ» ያለሽ፣ ገንዘቡ የገባበት ሰዓት፣ ዕቃው የተላከበት ወረቀት አንድ ላይ ሲቀመጡ ውላችሁ ይኸው ነው።

ሻጩ ሁልጊዜ በሱቅና በፈቃድ የሚነግድ ሰው ላይሆን ይችላል። የሸማቾች አዋጁ የሚመለከተው ነጋዴን ነው። ስልክ በየቀኑ የሚለጥፍ ቻናል ያለው ሰው «ነጋዴ አይደለሁም» ቢል የሚያዋጣው አይመስለኝም። ቢያዋጣው እንኳ የፍትሐ ብሔር ሕጉ በማንኛውም ሻጭ ላይ ይሠራል። በማታለል ገንዘብ መውሰድ ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስጠይቃል፤ እዚያ ላይ ፈቃድ ይኑረው አይኑረው ለውጥ የለውም።

ጽሑፉ ሲደርሰው ምን ይል ይሆን? ከልምድ ልንገርሽ። ብዙዎቹ የሕግ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ባለቤት ስም አንድ ላይ ሲያዩ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «እሺ እንነጋገር» ይላሉ። ያኔ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው «አምስት ሺህ ጨምሪና የተሻለ ስልክ ልላክልሽ» የሚለው ነው። አትጨምሪ። ሁለተኛው «ስልኩን መጀመሪያ ላኪ፣ ከዚያ እልክልሻለሁ» የሚለው ነው። ስልኩ ዋናው ማስረጃሽ ነው፤ ከእጅሽ ከወጣ ባዶ እጅሽን ነሽ። አዲስ አበባ የምታምኚው ዘመድ ካለሽ በእሱ በኩል ይሁን። ገንዘቡ ሂሳብሽ ውስጥ መግባቱን በራስሽ የባንክ መተግበሪያ ካየሽ በኋላ ዘመድሽ ስልኩን ያስረክብ። የተላከበትን የሚያሳይ ስክሪንሾት ብቻ አይተሽ አትመኚ፤ እሱም ይቀነባበራል።

መልስ ካልሰጠ ወይም ብሎክ ካደረገሽ መጀመሪያ ለባንክሽ አመልክቺ። ቴሌብር ቢሆን 127፣ ንግድ ባንክ ቢሆን 951 መደወል ይቻላል፤ ከስልክ ይልቅ ግን ቅርንጫፍ ሄዶ በጽሑፍ ማመልከት ይሻላል። ባንኩ የሌላ ሰው ሂሳብ ውስጥ ገብቶ ገንዘብሽን አውጥቶ አይሰጥሽም፤ ያ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይፈልጋል። ማመልከቻሽ ግን ቀኑን የጠበቀ መዝገብ ይሆናል። ቀጥሎ ኮምቦልቻ ከተማ አስተዳደር የንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤት ሂጂ። ሻጩ አዲስ አበባ ስላለ «እኛን አይመለከትም» ሊሉሽ ይችላሉ። ማመልከቻሽን ተቀብለው ወደሚመለከተው እንዲመሩልሽ ጠይቂ፤ የተቀበሉበትን ቁጥርና ቀን ሳትይዢ አትውጪ። ፖሊስ ጋም እንደዚሁ። «ስልክ ገዝቼ ተበላሸ» ብለሽ ከጀመርሽ «ይህ የፍትሐ ብሔር ነው» ብለው ይመልሱሻል። «ኦርጅናል ነው ብሎ አታሎ በሐሰተኛ የንግድ ምልክት የተሸጠ ዕቃ ላከልኝ፣ ገንዘቤን ወሰደ» ብለሽ ጀምሪ። የሆነውም ይኸው ነው።

ፍርድ ቤት ከደረሰ በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ተከሳሹ በሚኖርበት ብቻ ሳይሆን ውሉ በተደረገበት ወይም በሚፈጸምበት ቦታም ሊቀርብ ይችላል። ስልኩ ሊደርስሽ የነበረው ኮምቦልቻ ስለሆነ እዚያው ለመክሰስ የሚያከራክር መሠረት አለሽ። ለ19 ሺህ ብር ብለሽ አዲስ አበባ መመላለስ የለብሽም ለማለት ነው። ጊዜ እንደሚወስድ ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ሂሳቡ በሌላ ሰው ስም ተከፍቶ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይረዝማል።

ሻጩ የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ሰው ቢሆን ኖሮ ከዚህ ሁሉ በፊት ሽማግሌ ላኪበት እልሽ ነበር። በወሎ እንዲህ ያለው ነገር በሽምግልና ቶሎ ያልቃል፤ ገበያተኛም ስሙን ይፈራል። በማታውቂው ቻናል ላይ ግን ይህ አይሠራም።

በንዴት ተነስተሽ ፎቶውንና ስሙን ፌስቡክ ላይ «ሌባ» ብለሽ አትለጥፊ። ስም ማጥፋት ብሎ መልሶ ሊከስሽ ይችላል፤ ቻናሉንም ዘግቶ ይጠፋል። ቅሬታሽን በቡድኖች ውስጥ ስትጽፊ ደግሞ «ገንዘብሽን አስመልስልሻለሁ፣ ትንሽ ቅድሚያ ክፈይ» የሚል ሰው በግል ይመጣልሻል። እሱ ሁለተኛው አጭበርባሪ ነው። የምስጢር ቁጥርና የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይሰጥም።

የጓደኞችሽን ምክር እንዳትሰሚ እለምንሻለሁ። እንደሚያስቡልሽ አውቃለሁ። የፋብሪካ ደመወዝ ለሚያገኝ ሰው 19 ሺህ ብር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ «አውጪው ብቻ» ማለታቸው ይገባኛል። ግን ስልኩ የሚሸጥለት ሰው ማን ነው? ከሐርቡ ወይም ከባቲ የመጣ፣ እንዳንቺው ለፍቶ ያጠራቀመ ሰው ነው። አሁን ሐሰተኛ መሆኑን ታውቂያለሽ። ሳታውቂ ብትሸጪው አንድ ነገር ነው፤ እያወቅሽ ብትሸጪው ግን ሻጩ አንቺ ላይ ያደረገውን ነው የምታደርጊው። ሕጉም እንደዚያው ያየዋል። የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 የንግድ ምልክት መብትን ሆን ብሎ የጣሰን ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። የወንጀል ሕጉም አስመስሎ የሠራውን ብቻ ሳይሆን እያወቀ የሚሸጠውንም ይቀጣል። ዛሬ ተበዳይ ነሽ፤ ስልኩን በሸጥሽ ቀን ተከሳሽ ልትሆኚ ትችያለሽ። «ፎርጅድ ነው ብዬ ነግሬው ነው የሸጥኩት» ማለትም አያዋጣም፤ ሐሰተኛ ምልክት የያዘውን ዕቃ ወደ ገበያ የመለስሽው አንቺ ነሽ። ማስረጃሽም አብሮ ይሄዳል።

ራስሽንም አትውቀሺ። የአውሮፓው የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤትና ኦኢሲዲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኢኮኖሚ ድርጅት በጋራ ባወጡት ጥናት በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ በዓለም ንግድ ውስጥ የተዘዋወረው ሐሰተኛ ዕቃ 467 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ይህን ያህል ገንዘብ የሚንቀሳቀስበት ሥራ ሰውን ለማሳመን የተሠራ ነው። ወደፊት ስትገዢ ግን ገንዘቡን ቀድመሽ አትላኪ። አዲስ አበባ ያለ ሰው ሄዶ፣ ስልኩን ከፍቶ፣ ከላይ ያልኩሽን ምልክቶች በቪዲዮ ጥሪ እያሳየሽ ይክፈል። ሻጩ ይህን እምቢ ካለ ግዢው ይቅር። ትንሽ ብር ጨምረሽም ቢሆን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ደረሰኝ ከሚሰጥ ሱቅ ብትገዪ፣ ችግር ሲመጣ በሩን የምታንኳኪው ሰው ይኖራል።

ስለ ቻርጀሩም ልጨምር። ስልኩን አቁመሽ ቻርጀሩን ለሌላ ስልክ እየተጠቀምሽበት ይሆናል ብዬ ሰጋሁ። ዩኤል የሚባለው የደኅንነት መርማሪ ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ከተለያዩ አገሮች በኢንተርኔት የተገዙ 400 ሐሰተኛ የአፕል ቻርጀሮችን ፈትሾ ነበር። ከሦስቱ በቀር ሁሉም መሠረታዊውን የደኅንነት ፈተና ወደቁ፤ 12ቱ ሰው ሊገድል የሚችል የኤሌክትሪክ አደጋ ነበራቸው። የወደቁበት ምክንያት ቀላል ነው። ጥሩ ቻርጀር ውስጥ ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልትና ወደ ስልኩ የሚሄደው 5 ቮልት በደንብ ተለያይተው ይቀመጣሉ። በርካሽ በተሠራው ውስጥ ግን ርቀታቸው የጠበበ፣ መከላከያቸውም የሳሳ ነው። መብራት ሄዶ ሲመጣ በሚፈጠረው ጉልበት ያ መከላከያ ከተበሳ 220ው በገመዱ በኩል እጅሽ ድረስ ይመጣል። ከትራስ ሥር አድርጎ መተኛት ደግሞ እሳት መጋበዝ ነው። ቻርጀሩን አትጣዪው፤ እሱም ማስረጃ ነው። ከሣጥኑና ከማዳመጫው ጋር አስቀምጪው። ሶኬት ውስጥ ግን ከዛሬ ጀምሮ አታስገቢው፤ ልጆች ካሉም እንዳያገኙት አርቀሽ አስቀምጪ።